ውሉ የማይሸከመው ሰው

ይመር አሊ ሌላ ከተማ ተወልዶ ቢሆን ኖሮ «ግርማ ሞገስ ያለው ሰው» ይባል ነበር። ትከሻው በር ይሞላል፣ ድምፁ ግን ለስላሳ ነው። በርና መስኮት እየበየደ ልጆቹን አሳድጓል፤ ከማንም ጋር ተጣልቶ አያውቅም። ምን ያደርጋል፣ የተወለደው ኮምቦልቻ ነው። ኮምቦልቻ ደግሞ ቀላል ከተማ ናት።

ቀላል ከተማ የሚባለው ከሰባ ወንበርና ከአርባ ቶን የማያልፍ አውሮፕላን ብቻ የሚያርፍበት ነው። ቁጥሩን መሐንዲስ አላወጣውም፣ ያወጣው ውል ነው። ድሮ ትልልቆቹን አውሮፕላኖች የሚያበሩት ሰዎች ማኅበር «ትንንሾቹ እያደጉ እንጀራችንን ይቀሙናል» ብሎ ሠጋና ከአየር መንገዱ ጋር ተዋዋለ፤ እስከ አርባ ቶን የእነሱ፣ ከዚያ በላይ የኛ ተባለ። ከዚያ ትልልቆቹ አውሮፕላኖች ራሳቸውን ማብረር ጀመሩ። የማኅበሩ አባላት እያረጁ፣ እያረፉ፣ አሥራ አንድ ሽማግሌዎች ቀሩ። ውሉ ግን በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ ራሱን ያድሳል። ይቅር የሚል ሰው ቢገኝ እንኳ ለማን አቤት እንደሚል አያውቅም።

ስለዚህ በቀላል ከተማ ሰው ሲነጋ ፊቱን ሳይታጠብ ሚዛን ላይ ይወጣል። ጎረቤት ከጎረቤት ሲገናኝ «እንዴት አደርክ?» ብሎ «ስንት አደርክ?» ያስከትላል። ልብስ ሰፊው ጨርቅ የሚሸጠው በግራም ነው። ሴት ልጅ ስትታጭ ዘሯ ከመጠየቁ በፊት ኪሎዋ ይጠየቃል። የመኪናውን መንገድ ጎርፍ ከወሰደው ሰንብቷል፤ ይሠራል ይሠራል ሲባል ትውልድ አለፈ፣ ያለው አውሮፕላኑ ብቻ ነው። ለአንድ መንገደኛ ከነሻንጣው የተፈቀደለት ሰማንያ ኪሎ ነው። ከዚያ የሚያልፍ ሰው ትኬት የሚቆረጥለት በወር አንድ ጊዜ ሲሆን፣ እሱም ጥንድ ይዞ ከቀረበ ነው። ጥንድ ማለት ትርፍህን በራሱ ጉድለት የሚያካክስልህ ቀላል ሰው ነው።

የከተማዋ ስመ ጥር ጥንድ እማማ ዝማም ናቸው። ሰማንያን እያገባደዱ ነው፣ ከነነጠላቸው ሠላሳ ስምንት ኪሎ። ወፍራም ሰው ሁሉ ይዟቸው ስለሚሄድ አገሩን በነፃ አዳርሰውታል። ጎዴ ሠርግ በልተዋል፣ ሁመራ ለቅሶ ተቀምጠዋል፣ አሶሳ ላይ የማያውቁትን ሰው አስታርቀዋል። በየሄዱበት ይበላሉ ይጠጣሉ፣ ኪሎ ግን አይጨምሩም። «እኔን አላህ የፈጠረኝ ለመንገድ ነው» ይላሉ። ይመር ለዛሬው የጅማ በረራ እሳቸውን ያገኘው ከሁለት ወር በፊት ተናግሮ፣ ሲያገኛቸውም እያስታወሰ ነው።

ጠዋት ልጁ ራውዳ ከጅማ ደወለች።

«አባ፣ ስንት አደርክ?»

«ከነሻንጣዬ መቶ ሃያ። እራት ከተውኩ ሦስት ሳምንቴ ነው።»

«እኔን ኪሎህ አይደለም የሚያሳስበኝ፣ ይሉኝታህ ነው። ዛሬም ልትወርድ ነው?»

«ዛሬስ አልወርድም።»

«ባለፈውም እንዲሁ ብለኸኝ ነበር።»

እውነቷን ነው። ከነስሩ ጋር ኒካሏ ሁለት ጊዜ ቀን ተቆርጦለት ሁለት ጊዜ ቀርቷል። ኒካህ ሲታሰር ልጅቷን የሚድረው ወልይዋ ነው፣ ወልይዋም አባቷ ነው፤ አባትየው ደግሞ ሁለቱንም ጊዜ ከአውሮፕላኑ ወረደ። አንዴ ለአንድ መምህር ብሎ፣ አንዴ ደግሞ የታመመ ልጅ ለታቀፈች ሴት ብሎ።

«የነስሩ አባት ሌላ ቀጠሮ የለም ብለዋል» አለች ራውዳ። «ልጁን ሊሰጠን ያልፈለገ ሰው በአውሮፕላን ያመካኛል ነው የሚሉት። እኔ ደግሞ አባቴ በሕይወት እያለ በወኪል አልዳርም። ቀድማህ ለመጣችው ለእማም ነግሬያታለሁ። ዛሬ ከወረድክ አለቀ፣ ተበተነ።»

«አብሽሪ ልጄ።»

«አብሽሪ አትበለኝ። ተቀመጥ ብቻ።»

ነገሩ ወዲህ ነው። መንገደኛው ሁሉ በሚዛን ቤት ተመዝኖ ያልፋል፣ ልክ ነው ይባላል። ከሚዛን ቤቱ እስከ አውሮፕላኑ ግን አጥር አለ፣ ከአጥሩ ወዲያ ሸኚ አለ። ኮምቦልቻ ላይ ባዶ እጁን የሚሸኝ ሰው የለም። «ይቺን ማር ለእህቴ»፣ «ይቺን ቅቤ ለአክስቴ»፣ «ይቺን ቆሎ ለመንገድህ» እያለ ያቀብላል፤ ተቀባዩም እንቢ ማለት አያውቅበትም። አየር መንገዱ አጥሩን ሁለት ጊዜ ከፍ አደረገው። ሰዉ መወርወር ተማረ።

አውሮፕላኑ ግን ራሱንም ይመዝናል፣ በእግሮቹ። አርባ ቶን ካለፈ የበሩ መብራት ቀይ እንደሆነ ይቀራል። ያን ጊዜ ከፊት «አንድ ሰው እንዲወርድልን በትሕትና እንጠይቃለን» ይባላል። ከዚያ በኋላ ያለውን ይመር በቃሉ ያውቀዋል። ማንም እሱን አያየውም። ሰባ ሰው እሱን ላለማየት አንገቱን ወደ መስኮት ሲያዞር ወንበሩ እሾህ ይሆንበታል። ብድግ ይላል። «እኔ ልውረድ።» «ኧረ በነቢ፣ ምን ተብሎ!» ይሉታል ሁሉም በአንድ አፍ፣ እንዲያልፍ ግን እግራቸውን ይሰበስቡለታል። የራውዳን ምረቃ ያላየው እንደዚህ ነው። የገዛ አጎቱን ቀብር ያልደረሰው እንደዚህ ነው።

የዛን ቀን ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ ያወርደው ነበር። ይመርና እማማ ዝማም ተመዝነው አለፉ፣ ልክ ሆኑ። በአጥሩ ሥር ሲሄዱ ይመር እጁን ኪሱ ውስጥ ከቶ ወደ መሬት እያየ አለፈ። ሌላው መንገደኛ ግን እንደ ልማዱ ጠርሙስና ጥቅል እየተቀበለ በጋቢው ሥር ሸጎጠ።

አውሮፕላኑ ሲሠራ ለዘጠና ሰው ነው የተሠራው። ሰባውን ወንበር ውሉ ፈቀደ፣ የሃያው ቦታ ከኋላ ባዶ ወለል ሆኖ ቀረ። መንገደኛው «ሜዳው» ይለዋል። እዚያ ይሰገዳል፣ የሕፃን ጨርቅ ይለወጣል፣ የተኳረፈ ይታረቃል። ይመር ከፊት ወንበር ላይ ቁጭ አለ፣ ቀበቶውን አሰረና ጫፉን በመዳፉ ጨበጠው።

በሩ ተዘጋ። መብራቱ ቀይ ነው።

«ክቡራን መንገደኞች» አለች ካፒቴን ትርሲት ከፊት ሆና፣ «ከውሉ በሃያ ስድስት ኪሎ አልፈናል። አንድ ሰው እንዲወርድልን በትሕትና እንጠይቃለን። የመነሻ ተራችን ሊያልፍ ሃያ ደቂቃ አለን፤ ካለፈ በረራው ለሐሙስ ይተላለፋል።»

አንገቶች ወደ መስኮት ዞሩ። ይመር ጉልበቱ ሲንቀሳቀስ ታወቀው። ቀበቶውን ይበልጥ ጨበጠ። ላብ ከጆሮው ሥር ወረደ። አንድ ትንፋሽ፣ ሁለት ትንፋሽ፣ ዝም። እንዲህ ያለ ዝምታ በዚያ መስመር ላይ ተሰምቶ አያውቅም፤ ሰዉ የሚጠብቀው ነገር ሲዘገይበት ግራ ተጋባ። አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። አንዲት ሴት ዞር ብላ ይመር መኖሩን አረጋግጣ ተመለሰች።

በመጨረሻ ከመሀል አንድ አረጋዊ ተነሡ። ሸህ ኢንድሪስ ነበሩ፣ ቁርኣን አስተማሪው። «እኔ ልውረድ» አሉ።

እሳቸው እንዲህ ማለታቸው ነው ጉዱን ያመጣው። ሸህ ወርደው ጎልማሳ ይቀመጥ? ሦስት ጎልማሶች ብድግ አሉ። ለእነሱ ሲሉ ደግሞ ሚስቶቻቸው ተነሡ። «አንቱ አይወርዱም!» «ወላሂ እወርዳለሁ!» ከኋላ ያሉት ምን እንደሆነ ሳይሰሙ ተነሡ። እውነቱን ለመናገር ሁሉም የሚነሣው «እንቢ፣ ተቀመጥ» እንደሚባል እያወቀ ነው፤ ግን ሁሉም ከተነሣ ተቀመጥ የሚል ማን ይቀራል? ከአፍ አልፎ ከልብ መሆኑን ለማሳየት አንዱ በሩን አስከፍቶ ወረደ። እሱን ሊመልሱ ሁለት ወረዱ። እነሱን ሊመልስ ሕዝቡ ወረደ።

እማማ ዝማምም ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሡ።

ይመር በነጠላቸው ጫፍ ያዛቸው። «እማማ፣ እርስዎ የት ይሄዳሉ?»

«ሰዉ ሁሉ ሲወርድ እኔ ተቀምጬ ልታይ?»

«እርስዎ ከወረዱ እኔም መውረዴ ነው። የሚያካክስልኝ ማን አለ? በአላህ፣ ይቀመጡልኝ።»

አሮጊቷ አዩት። በሕይወታቸው ስንት ወፍራም ሰው አጅበዋል፣ የሚለምን ግን አላጋጠማቸውም። ቁጭ አሉ።

አሁን አውሮፕላኑ ውስጥ የቀሩት ከካፒቴኗ ጋር ሦስት ሰዎች ናቸው። ከውጭ፣ ከክንፉ ሥር፣ ስልሳ ስምንት ሰው በዝናብ ውስጥ ቆሞ ማን ይውረድ እያለ ይጨቃጨቃል፣ ሁሉም ወርዶ ሳለ። አንዱ እግሩን አንሥቶ ወደ ሚዛን ቤቱ ሊሄድ ሲል በጋቢው ጎትተው ይመልሱታል። ጋቢው ውኃ ጠጥቶ ከብዷል። ካፒቴን ትርሲት ከክፍሏ ወጥታ በመስኮት አየችና ራሷን ነቀነቀች። ሃምሳ የሞላት ቀጭን ሴት ናት፣ በትከሻዋ ላይ ያለው የማዕረግ መስመር ደብዝዟል።

«እየረጠቡ ነው እኮ» አለች። «ሁሉም ቢመለሱ አሁን መቶ ኪሎ ነው የምናልፈው።»

ይመር እየፈራ ጠየቃት። «ካፒቴን፣ ይቅርታ አርጊልኝ። ይህ ነገር በእውነት አይሸከመንም?»

«አውሮፕላኑ? ሌላ ሃያ ሰው ብጭንበት አይሰማውም። የማይሸከመው ውሉ ነው።»

«ታዲያ ለዛሬ ብቻ…»

«ጋሼ፣ ከክፉ ልብ አይደለም። ያው ውል ነው የካፒቴኑ ወንበር ላይ ሰው ይቀመጥ የሚለው። አንድ ቀን በአንድ ኪሎ ባልፍ አየር መንገዱ ውሉ ፈረሰ ይላል፤ ውሉ ከፈረሰ እኔ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሰው የለም። ማሽኑ ደግሞ ማንም ይውረድልኝ ብሎ አይለምንም፣ በሩን ዘግቶ ሐሙስ ነው የሚላችሁ።» ሰዓቷን አየች። «ዘጠኝ ደቂቃ ቀርቶናል።»

ይመር ቀበቶውን ፈታ። እማማ ዝማም «ልጄ፣ ወዴት?» አሉት። እሱ ወደ በሩ አመራ።

በሩ ላይ ሲቆም ከታች ያለው ጭቅጭቅ ጸጥ አለ። ሰዉ እፎይ ሲል ፊቱ ላይ ይታያል። ለሁለት ተከፍሎ መንገድ ለቀቀለት። ሸህ ኢንድሪስ እጃቸውን ዘርግተው «ይመርዬ፣ አላህ ውለታህን ይክፈልህ» አሉ፣ ገና አንድ ደረጃ ሳይወርድ። ሻንጣውን ሊቀበል የተጠጋም ነበር።

ይመር ወደ ታች አየ። የሚያውቃቸው ሰዎች ናቸው፤ የግማሾቹን በር የበየደው እሱ ነው። መውረድ እንዴት ቀላል ነገር ነው! ሦስት እርምጃ፣ ምርቃት፣ ከዚያ ለልጁ መደወል። የመደወሉ ነገር ትዝ ሲለው የበሩን ጠርዝ ያዘ።

«አልወርድም» አለ።

ዝናቡ ድምፁን ስለወሰደው ማንም አልሰማውም። ደገመው፣ አሁን ጮክ ብሎ። «ዛሬ አልወርድም። ሁልጊዜ ወርጃለሁ። የልጄን ምረቃ ያላየሁት ወርጄ ነው። ኒካሏ ሁለት ጊዜ የቀረው እኔ ወርጄ ነው። እናንተ ‹ምን ተብሎ› ትሉኛላችሁ፣ እግራችሁን ግን ትሰበስቡልኛላችሁ። አላማርርም፣ ከባድ ነኝ፣ አውቃለሁ። ዛሬ ግን ልጄ ጅማ ተቀምጣ እየጠበቀችኝ ነው። ከወረድኩ ትዳሯ ፈረሰ። አፍሬ ነው የምናገረው፣ ዓይናችሁን ማየት አቅቶኛል። ግን አልወርድም።»

ሸህ ኢንድሪስ የዘረጉትን እጅ ቀስ ብለው መለሱት። ያቺ ዞር ብላ ያየችው ሴት ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። «የራውዳ ኒካህ ዛሬ ነው? ለምን አልነገርከንም?» አለች።

«ውረድ ሳትሉኝ አልወርድም እንዴት ልበል?» አለ ይመር።

ይህ ነገር ሰዉን መታው። በእርግጥም ውረድ ብሎት የሚያውቅ ሰው የለም። አንዳቸው ከአንዳቸው ዓይን ሸሹ። የሚገርመው፣ ከሁሉም ይበልጥ የተገላገለው ራሱ ይመር ነበር፤ ደረቱ ላይ ዓመታት የተቀመጠ ነገር ተነሣለት።

«እንግዲያው ሰው ሳይሆን ዕቃ ይውረድ» አለ አንድ ጎልማሳ። «ያለንን ማርና ቅቤ እንተወው።»

ሁሉም ጋቢው ሥር ያለውን ጠርሙስ አቀፈ። ነገሩ ስስት አይደለም። ማሩ የሰው ነው፤ አድርስልኝ ተብሎ የተሰጠ አማና መንገድ ላይ አይጣልም። ሸህ ኢንድሪስም ይህንኑ ተናገሩ፣ ሰውም ልክ ነው አለ። ሰባት ደቂቃ ቀረ።

ያን ጊዜ እማማ ዝማም ከይመር ብብት ሥር ብቅ አሉ። «ማሩ የሰው ነው፤ እግራችሁ ላይ ያለውስ የማን ነው?» አሉ።

«ምን አሉ እማማ?»

«ጫማችሁን ነዋ! መስጊድ ስትገቡ አውልቁ ብሎ የሚለምናችሁ አለ? ጫማውን አውልቁ፣ ጋቢውን ጭመቁ፣ ግቡ። ብርዱ ገደለኝ።»

ከዚያ ሸህ ኢንድሪስ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን አወለቁ፣ ጎን ለጎን አስተካክለውም መሬት ላይ አኖሩት። ሕዝቡ ተከተለ። ቡትስ፣ ሸበጥ፣ ተረከዘ ረጅም፣ የሙሽራ ሚዜ ጫማ፣ ሁሉም በክንፉ ሥር ተደረደረ። ሁለት ሁለት እየሆኑ ጋቢያቸውን ጠመዘዙ፤ ውኃው እንደ ቧንቧ ወረደ። አሁን ማንም «ልውረድ» አላለም። እየተገፋፉ፣ በባዶ እግር፣ እየሳቁ ወጡ። ይመርም አውልቆ ነበር፤ የእሱ ጫማ ለብቻው የአንድ ልጅ ኪሎ ይሆናል።

በሩ ተዘጋ። መብራቱ ቀይ ነው።

«ሁለት ኪሎ» አለች ካፒቴኗ ከፊት። ሳቁ ቆመ። ይመር ዓይኑን ጨፈነ። አንድ የሚወድቅ ነገር ድምፅ ተሰማ፣ ከዚያ ሌላ። ካፒቴን ትርሲት በክፍሏ መስኮት የገዛ ጫማዋን ወረወረች፣ ቀጥላ መስመር ያለበትን ከባድ ኮቷን። «ውሉ ስለ ካፒቴን ጫማ የሚለው የለም» አለች።

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ሰባ ሰው በአንድ ጊዜ እፎይ አለ፤ አልሐምዱሊላህ ያለም አለ፣ ተመስገን ያለም አለ። ይመር ግን ፊቱን በሁለት መዳፉ ሸፍኖ እስኪወጣለት አለቀሰ፣ እማማ ዝማም ጀርባውን እያሹለት።

ጅማ ሲደርሱ የዐስር ሶላት ተሰግዶ አልቋል። ሐጂ ሙዘይን፣ የነስሩ አባት፣ ድንኳኑ ውስጥ ኒካሁን ከሚያስሩት ሸህ አጠገብ ተቀምጠው ደጅ ደጁን ሲያዩ ቆይተው ማየቱን ትተዋል። ከመጋረጃው ወዲያ በሴቶቹ በኩል ራውዳ ከእናቷ ከጦይባ አጠገብ ናት። ስልኳን ጭኗ ላይ አስቀምጣ እስኪጮህ ትጠብቃለች። አባቷ ከወረደ ይደውላል፤ ሁልጊዜም ደውሎ ያውቃል። አውሮፕላን ውስጥ ስልክ ስለማይሠራ፣ የተቀመጠ እንደሆነ ዝም ነው የሚለው። ግን ዝምታውን ማመን አቃታት። እናቷ እጇን ይዛ «አብሽሪ» ስትላት እጇን ነጠቀቻት።

«በቃ» አሉ ሐጂ ሙዘይን። «ሰው ከልቡ ያልሰጠውን ልጅ በግድ አንወስድም። ሸሁንም ማቆየት ነውር ነው።» ነስሩ «አባ፣ ትንሽ…» አለ። «ትንሽ ትንሽ እያልን ሦስት ወር ሆነን» አሉትና ለመነሣት በእጃቸው ተደገፉ። ጦይባ ከመጋረጃው ወዲያ «ሐጂ፣ በአላህ» አለች።

ሸሁ የሥርዓት ሰው ናቸውና ወጉን ሳያደርሱ መነሣት አልወደዱም። «የልጅቷ ወልይ አለ?» ብለው ጠየቁ፣ የለም መባሉ ለምስክር እንዲሰማ።

ይመር በዚያች ቅጽበት ከድንኳኑ ደጅ ቆሟል። ከመንገዱ ሮጦ ነው የመጣው፣ ትንፋሹ አልተመለሰም፣ እግሩ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ነው። ደጁ ላይ የሰው ሁሉ ጫማ ተከምሯል። እሱ የሚያወልቀው ስለሌለው ዝም ብሎ ገባ።

«አለሁ» አለ።

ከመጋረጃው ወዲያ አንድ ስልክ ወለሉ ላይ ሲወድቅ ተሰማ፣ ከዚያ የራውዳ ልቅሶ። ጦይባ እልል ማለት ጀምራ ድምፅዋ ተቆረጠባት፣ ሌሎቹ ሴቶች ተቀበሏት። ሐጂ ሙዘይን ለመነሣት እንደተደገፉ ቀሩ። ሰውየውን ከእግሩ እስከ ራሱ አዩት፤ የጭቃውን እግር፣ የረጠበውን ልብስ፣ በላብ የታጠበውን ፊት፣ ድንኳኑን የሞላውን ትከሻ። በአውሮፕላን የሚያመካኝ ሰው እንዲህ ሆኖ አይመጣም።

ሐጂ ሙዘይን ተመልሰው ተቀመጡ። ከዚያ ወደ ግራ ወደ ቀኛቸው እጃቸውን አወናጨፉ።

«ጠጋ ጠጋ በሉ» አሉ። «ለልጅቷ አባት ሰፋ አድርጋችሁ ቦታ ልቀቁ።»

ሰዉ ተጠጋጋ። ይመር አለፈና በሰፊው ተቀመጠ።